ዕዳ፣ ተከፈለ፣ ቀረ
(ስለ ሥራ ማስታወሻ አጻጻፍ የቀረበ አስተያየት)

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። እኔም ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልመረምር ተቀብዬ የኖርሁ ነኝ። ዛሬ ግን በጽሑፍ ያለም እንደሚረሳ፣ አንዳንዴም የሚረሳው በመጻፉ ምክንያት እንደ ሆነ ልመሰክር ተነሥቻለሁ። ሰው አንድን ጉዳይ በማስታወሻው ላይ ባሰፈረ ጊዜ ልቡ ዕረፍት ያገኛል፤ ሸክሙን ያራገፈ ይመስለዋል። ያራገፈው ግን ሐሳቡን እንጂ ሥራውን አይደለም። እንግዲህ ጥያቄው «እንጻፍ ወይስ አንጻፍ?» ሳይሆን «እንዴት አድርገን እንጻፍ?» የሚለው ይሆናል። ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የማይመጥን ተራ የቢሮ ጉዳይ መስሎ ከታያችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። በአንድ የአማርኛ ግሥ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር የተማርሁት ከግጥም ሳይሆን ከዚሁ ተራ ማስታወሻ ነውና።

ቀን ቀን በአንድ ባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ስንኝ እቆጥራለሁ። መኖሪያዬ ተክለ ሃይማኖት ነው፤ ሰፈሩ ስሙን ከወሰደበት ከደብረ አሚን ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ። እንደ ሰፈሬ ሰው ሁሉ ጉዳዬ ብዙ ነው፦ የእድር መዋጮ፣ የቤት ኪራይ፣ የእኅቴ ልጅ ትምህርት ቤት፣ «ነገ ይመለሱ» ያልሁት ደንበኛ፣ ያላለቀ ግጥም። ይህ ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ይኖራል። ፋይሉ ቀለም የለው፣ ሥዕል የለው፣ ሠንጠረዥ የለው፤ ፊደልና መስመር ብቻ የሆነ ጥሬ ጽሑፍ ነው።

ጥሬ ጽሑፍን የመረጥሁት በኪሳራ ተምሬ ነው። በተማሪነቴ ዘመን የጻፍኋቸው ግጥሞች ዛሬ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ናቸው። ያን ጊዜ እንሠራባቸው የነበሩት የአማርኛ ፊደላት የግዕዙን ቅርጽ በላቲኑ ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለ ነበር፣ ያው ፊደል ያልተጫነበት ማሽን ግጥሙን አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ ጥሬ ጽሑፍ በየትኛውም ኮምፒውተር፣ በየትኛውም ስልክ፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን ሊነበብ ይችላል። ለገጣሚ ከዚህ የበለጠ ምን ያሻዋል?

ሥራን በጥሬ ጽሑፍ ለመያዝ የታሰቡ ሥርዓቶችን የፈለሰፉት እንግዲህ የባሕር ማዶ ሰዎች ናቸው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርስተን ዶሚኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ ኦርግ ሞድን ጀመረ። ርእሱ በኮከብ ምልክት ይጀምራል፤ ከኮከቡ ቀጥሎ ሥራው ገና መሆኑን ወይም ማለቁን የሚናገር አንድ ቃል ይቆማል። ጂና ትራፓኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 «ቱዱ ዶት ቲኤክስቲ» የሚባለውን ይበልጥ የቀለለ ሥርዓት አመጣች። በዚህኛው አንድ ሥራ አንድ መስመር ነው፤ ቅድሚያው በቅንፍ ውስጥ ባለ ፊደል ይታወቃል፤ ያለቀው ሥራ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ትንሿን ኤክስ ይቀበላል። ሁለቱም ድንቅ ናቸው። ሁለቱንም ሞክሬአለሁ፤ ሁለቱም ግን አማርኛ ሲለብሱ የሚጠብባቸውና የሚሰፋቸው ቦታ አለ።

የመጀመሪያው ችግር ቀላል ነው። በእንግሊዝኛው የሥራውን ሁኔታ የሚገልጸው ቃል በትላልቅ ፊደላት ስለሚጻፍ ከሌላው ጽሑፍ ተለይቶ ዐይን ውስጥ ይገባል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ያልተሠራ» ብዬ ብጀምር ቃሉ ከቀጣዩ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ምልክት የሚሆነው ቃል አጭርና በሌላ ቦታ ደጋግሞ የማይመጣ መሆን ይኖርበታል። ለቅድሚያው ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ ዩኒኮድ ፊደሎቻችንን የደረደረው አያቶቻችን በቆጠሩበት ተራ ነውና።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው፤ ይህ የባንክ ሠራተኛን በየዕለቱ ይፈትናል። የአገራችን ባንኮች ዓመታዊ ሒሳባቸውን የሚዘጉት እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ሲሆን፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ግን በእኛው ሰኔ 30 ያበቃል። የወሩን ስም ለሁለቱም አቆጣጠር ስለምንጠቀምበት፣ በማስታወሻ ላይ «እስከ ሰኔ 30» ተብሎ የተጻፈ ነገር በመካከላቸው ሰባት ቀን ያለ ሁለት ሰኔ 30 ይኖረዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ደንበኛው «ስምንት ሰዓት» ሲል ኮምፒውተሩ አሥራ አራት ይላል። ኢማክስ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ የኦርግ ሞድ ቀን ግን የፈረንጁን ብቻ ይከተላል። የእኔ ምርጫ አንድ ነው፦ በፋይሌ ውስጥ ያለ ቀን ሁሉ የእኛ ነው፤ ዓመቱ ይቀድማል፣ ወሩ በቁጥር ይከተላል፣ ጳጉሜን 13 ይባላል። የፈረንጁ ሲያስፈልግ «እ.ኤ.አ.» የሚለው አብሮ ይጻፋል።

እዚህ ላይ አንድ ያስደሰተኝን ነገር ላካፍላችሁ። ኮምፒውተር መስመሮችን በፊደል ተራ ሲደረድር 10ን ከ9 በፊት ያመጣል፤ የሚያየው የፊተኛዋን 1 ብቻ ነውና። ስለዚህ ፈረንጆቹ 09 እያሉ ዜሮ ይጨምራሉ። ዜሮ በሌለው በግዕዝ ቁጥር ግን ፱ ከ፲ ይቀድማል፤ ፲፱ም ከ፳። ከ፩ እስከ ፺፱ ድረስ ያለ ምንም ጭማሪ በትክክለኛ ተራ ይቆማሉ። የወሩን ቀንና ወሩን ለመደርደር ከዚህ የተመቸ የለም። ልማዱ ስለሌለኝና በስልክ ለመጻፍ ስለሚያዘገየኝ ወደ ተለመደው ቁጥር ተመለስሁ፤ ይሁንና አሮጌ የተባለው ነገራችን አንዳንዴ አዲስ ለተባለው ችግር መልስ ይዞ እንደሚቀመጥ ማየት ያኮራል።

ሦስተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። መፈለጊያው «ሥራ»ን ሲሉት «ስራ»ን አያመጣም፤ «ዓመት»ን ሲሉት «አመት»ን አያገኝም። ለጆሮ አንድ የሆነው ለማሽኑ ሁለት ነው። እኔ ፊደል ይቀነስ ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ለገጣሚ የፊደሉ ታሪክ የቃሉ ሥር ነው። መፍትሔዬ ትንሽ ናት፦ በፋይሉ ራስጌ ላይ መለያ የማደርጋቸውን ጥቂት ቃላት፣ በመረጥሁት አጻጻፍ፣ አንድ ጊዜ ዘርዝሬ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ውጭ ለመለያነት ሌላ አልጽፍም።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ግን የቅርጽ ነገር ነው። ወደ ዋናው ልምጣ።

በግቢያችን ጀርባ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። እማማ ነበር የምላቸው። በሰፈሩ ለቅሶ በደረሰ ቁጥር የሚጠሩ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። የሟቹን ስም፣ ሞያውን፣ የቀሩትን ልጆች አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ቆመው ሲያወርዱ ድንኳኑ ይናወጣል። ሰምና ወርቅ የሚባለውን በትምህርት ቤት ሳልሰማ ከእሳቸው አፍ ሰምቼዋለሁ። በጥር 2014 ዓ.ም. አንድ ምሽት በራቸው ላይ ሳልፍ አስቆሙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንተ ጽሕፈት ታውቃለህ። እኔ ስሞት ለእኔ የሚያወርድልኝ የለም። ያለውን ከአፌ ሳይጠፋ ጻፍልኝ።»

«እሺ እማማ» አልሁ። ከልቤ ነበር። ቤቴ ገብቼ ፋይሌን ከፈትሁና አንድ መስመር ጨመርሁ፦ «ሙሾው ይጻፍ»። ቅድሚያውን «ለ» አደረግሁት።

መስመሩ ሁለት ዓመት ቆየ። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከላይ የነገርኋችሁን ሁሉ ሠራሁ፤ ኦርግ ሞድን ተማርሁ፣ ቱዱ ዶት ቲኤክስቲን ሞከርሁ፣ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ለወጥሁ፣ የግዕዝ ቁጥር እንዴት እንደሚደረደር መረመርሁ። ያችን መስመር ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ስገለብጣት፣ አንድ ጊዜ ከኮከብ ሥር፣ አንድ ጊዜ ከቅንፍ ኋላ፣ ቢያንስ አራት ጊዜ በእጄ ነክቻታለሁ። እማማ ከእኔ ደጅ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ዐረፉ። በለቅሷቸው ላይ ሙሾ ያወረደ አልነበረም። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አለቀሰ።

ከቀብር መልስ ፋይሉን ስከፍት መስመሯ በቦታዋ ነበረች። እንደ ዓመታት በፊቱ በትእግሥት ትጠብቃለች፦ «ሙሾው ይጻፍ»። አየኋት፤ ያን ጊዜም ጥፋቴ ከየት እንደ ጀመረ ገባኝ። እማማ ያሉኝ «ጻፍልኝ» ነበር። እኔ የጻፍሁት «ይጻፍ» ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ገደል ተመልከት። «ጻፍልኝ» በሚለው ውስጥ ሁለት ሰው አለ፦ የሚጽፈው «አንተ» እና የሚጻፍላት «እኔ»። «ይጻፍ» ግን ባዶ ቤት ነው። ማን ይጽፈዋል? አይታወቅም። ለማን? አይታወቅም። ይህ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው። በየደብዳቤው ራስጌ ላይ በእስክሪብቶ የሚሞነጨረውን ታውቁታላችሁ፦ «ይታይ»፣ «ይጣራ»፣ «ይፈጸም»፣ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ»። ፊርማ አለው፤ ፈጻሚ ግን የለውም። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይመራል፤ ባለጉዳዩ ከደጅ ደጅ ይመላለሳል። እኔ ይህን ቋንቋ ቀን በመሥሪያ ቤት ስሰማው ውዬ፣ ማታ ሳላውቀው ይዤው ቤቴ ገባሁ። በራሴ ላይ ቢሮክራት ሆንሁ።

አንዳንዴ ፊደላችን ራሱ ይህን ስውርነት ያግዛል። «ለእድሩ ይሰጣል» ብዬ ብጽፍ፣ ሲጠብቅ ገንዘቡ ይሰጣል ማለት ነው፤ ሲላላ አንድ ሰው ይሰጣል ማለት ነው። መጥበቅና መላላቱ አይጻፍምና፣ ከወር በኋላ ሳነበው ሰጪውና ተሰጪው ተደባልቀው አገኛቸዋለሁ።

የባሕር ማዶ መካሪዎች «ሥራችሁን ከግሥ ጀምራችሁ ጻፉ» ይላሉ። ዴቪድ አለን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ስመ ጥር መጽሐፍ ቀጣዩን ተግባር ለይቶ ማወቅ እንደሚገባ ያስተምራል፤ ምክሩም ደግ ነው። ነገር ግን የእኛ ግሥ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ረዘም ያለውን መስመር ስልኩ ሲቆርጠው መጀመሪያ የሚጠፋው ግሡ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬዋለሁ። አሁን ግን እንደ ጸጋ አየዋለሁ። ምክንያቱም ግሡ መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ፣ መጀመሪያ ላይ የሚቆመው ሰው ሊሆን ይችላል፦ «ለእማማ ሙሾአቸውን ልጻፍላቸው።» ስልኩ ቢቆርጠው እንኳ የሚቀረው «ለእማማ» የሚለው ነው። እሱ ብቻ ቢቀር ኖሮ፣ ሃያ እርምጃውን እራመደው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ግሡንም ተመልከቱት፦ «ልጻፍላቸው»። «ል» እኔ ነኝ፤ «ላቸው» እሳቸው ናቸው። በባንክ ቤት ገንዘብ ሲንቀሳቀስ በሁለት ወገን ይመዘገባል፤ ከአንዱ የወጣው ለሌላው ካልገባ መዝገቡ አይመዛዘንም። አማርኛ ይህን ሕግ በአንድ ቃል ውስጥ ይዞታል። ባለዕዳውና ባለገንዘቡ በአንድ ግሥ ጫፍና ጫፍ ቆመዋል። እንዲህ ያለ ግሥ ያለው ሰው «ይጻፍ» ብሎ ሲጽፍ በአንድ ወገን ብቻ መዝግቦ መዝገቡን እንደ ዘጋ ሒሳብ ሠራተኛ ነው።

የሰፈራችን ባለሱቅ ይህን ከእኔ በፊት ያውቀዋል። የዱቤ ደብተሩን አይታችሁ እንደ ሆነ ገጹ የሚጀምረው በስኳር ወይም በዘይት አይደለም፤ በሰው ስም ነው። ከስሙ ሥር የተወሰደው ይዘረዘራል፤ ሲከፈል ይሰረዛል። አይፈቅም፣ አይቀደድም። ከሥር ያለው ጽሑፍ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ የተከፈለው እንደ ተከፈለ ሁለቱም ያዩታልና። የምልክትን ጥቂትነት ደግሞ ከድጓው እንማራለን። ከንባቡ በላይ በትንንሹ የተቀመጡት ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክና ሌሎቹ ምልክቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እንደ ሊቃውንቱ ትውፊትም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተደራጁ ናቸው። ጥቂት ምልክት፣ ብዙ ዜማ። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያናችን የሚሰማው ማሕሌት ከነዚያ ጥቂት ጭረቶች ይወጣል፤ ምልክቱ ግን ዜማ የሚሆነው የሚዘምረው ሰው ሲኖር ነው።

እንግዲህ የአሁኑ አጻጻፌ ይህ ነው። አንድ ጉዳይ አንድ መስመር፤ በመስመሩ ላይ አራት ነገር፦ ሁኔታው፣ ቀኑ፣ ለማን መሆኑ፣ ምን ላድርግለት የሚለው። ለሁኔታው ሦስት ቃል ብቻ አለኝ፤ ዕዳ፣ ተከፈለ፣ ቀረ። ለምሳሌ፦

ዕዳ 2017-12-20 ለእኅቴ፦ የልጇን ማመልከቻ ልጻፍላት
ተከፈለ 2017-11-05 ለእድሩ፦ የሁለት ወር መዋጮ ልክፈልላቸው
ቀረ 2016-06 ለእማማ፦ ሙሾአቸውን ልጻፍላቸው

ሦስተኛው ቃል ብዙ አስቦኛል። የባሕር ማዶው ሥርዓት «ተሰረዘ» የሚል ቃል እንድጨምር ይፈቅድልኛል። ነገር ግን እኔ አልሰረዝሁትም። «አለቀ» እንዳልል አላለቀም። ፋይሉን ከፍቼ መስመሯን ላጠፋት ስልም እጄ እንቢ አለኝ። «ቀረ» የሚለውን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። ቀረ ማለት ሳይሆን ቀረ ማለት ነው፤ ቀረ ማለት ደግሞ ወደ ኋላ ተረፈ፣ አለ፣ አልሄደም ማለትም ነው። ያልሆነው ነገርና የማይለቀው ነገር በአማርኛ አንድ ቃል ናቸው። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ የሥራ ሁኔታ መግለጫ በየትኛውም ሶፍትዌር ውስጥ አላየሁም።

«ለማን» የሚለው ግዴታ ያልጠበቅሁትን ነገርም አደረገ። አንዳንዱ መስመር ባለገንዘብ አጣ። «የግጥም መድበል ይዘጋጅ» የሚል አሮጌ መስመር ነበረኝ፤ ለማን ብዬ ስጠይቀው መልሱ «ለስሜ» ሆነ። አጠፋሁት። በምትኩ አንዲት ግጥም ለአንድ የታመመ ወዳጄ ጽፌ ሰጠሁት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ ሳቀብኝ። «በስልክህ ላይ ሰዓቱን የሚያስታውስህ ነገር ሞልቷል፤ ለምን ትደክማለህ?» አለ። እውነት አለው። የሚጮህ ስልክ ቀኑን ያስታውሳል። የእኔ በሽታ ግን ቀን መርሳት አልነበረም፤ መስመሯን በየሳምንቱ አያት ነበር። ሌላው ደግሞ «ቅርጽ እየነደፍህ ሥራውን ሸሸህ እንጂ የግሡ ጥፋት ምንድን ነው?» ቢለኝ መልስ የለኝም። ሸሽቻለሁ። የተሻለ ደብተር መሥራት ሥራን ከመሥራት ይቀላል፤ ሥራም ይመስላል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ አዲስ የማስታወሻ ሥርዓት ለመንደፍ የምትነሡ ካላችሁ እለምናችኋለሁ፦ መጀመሪያ ከዝርዝራችሁ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ፈልጉ፤ ሂዱና በሩን አንኳኩ። ነደፋው ይቆያል። «ብድር በምድር» የሚሉት አበው፣ መክፈያው ቦታ ከመቃብር ወዲህ መሆኑን ሲነግሩን ነው።

እኔ ግን ከእማማ ሙሾ በቃሌ የቀሩኝን ጥቂት ስንኞች እየሰበሰብሁ ነው፤ ጎረቤቶቼንም እጠይቃለሁ። አንዷ ግማሽ ታስታውሳለች፤ ሌላዋ ዜማውን እንጂ ቃሉን አታውቅም። መስመሯ «ተከፈለ» እንደማትባል አውቃለሁ። ቢሆንም ከሥሯ አዲስ «ዕዳ» ጽፌአለሁ።

ይጻፍ ብዬ ጻፍሁት፣ ጸሐፊ ሳይኖረው፤
ቀን ቀንን ወለደ፣ ቃሉን እየሻረው።
የሙሾዋ እናት፣ ያለ ሙሾ ሄዱ፤
እኔና ብዕሬ፣ ቀረን ከመንገዱ።
ከእንግዲህስ ልጻፍ፣ ለማን እንደ ሆነ፤
ስም የሌለው ዕዳ፣ እንደ ጢስ በነነ።